አዲስ ወረርሽኝ ሲነሳ በምን እንከታተል? የመከታተያ መንገዶች ንጽጽር

በአንድ በኩል "ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ ሰው እየገደለ ነው" የሚል ዜና ይመጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ገጽ ላይ ግን ምንም የለም፣ ካርታ የሚያሳየው ድረገጽ ደሞ ቀይ በቀይ ሆኗል። የትኛውን እንመን? ጥያቄው ለጋዜጠኛውም፣ ሰራተኛ ወደ ሌላ አገር ለሚልከው ድርጅትም፣ ለሐኪሙም አንድ ነው፣ መልሱ ግን እንደየሰዉ ይለያያል። ስለዚ ዝም ብሎ "እሱን ተከታተሉ" ማለት አያዋጣም፣ ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ እናያቸዋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መመዘኛው

አንደኛ ፍጥነት። ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ማለትም ወሬው ከመውጣቱ በፊት ላብራቶሪ አይቶታል ወይ፣ የሚገባው ሰው አንብቦታል ወይስ ኮምፒውተር ብቻውን ነው የለቀመው። እነዚ ሁለቱ አብረው አይሄዱም፣ የፈጠነው ገና ያልተረጋገጠ ነው፣ የተረጋገጠው ደሞ ዘግይቷል፣ ሁለቱንም ባንዴ እሰጣቹሃለሁ የሚል ካጋጠማቹ ጠርጥሩ። ሦስተኛ ሽፋን፣ በስንት ቋንቋ ነው የሚያነበው፣ ገጠር ድረስ ይወርዳል ወይ። አራተኛ የመረጃው አይነት፣ "የሆነ ነገር አለ" ብቻ ነው ወይስ የታማሚ ቁጥር ነው ወይስ የቫይረሱ ዘረመል። አምስተኛ ዋጋ።

ስድስተኛው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፣ ይሄ ነገር ከሁለት አመት በኋላም ይኖራል ወይ? ገንዘቡ ከማን ነው የሚመጣው? ከታች እንደምታዩት በዚህ ዘርፍ ምርጥ ምርጥ የሚባሉት ሳይቀሩ በሰላሙ ጊዜ ገንዘብ ይነፈጋቸውና ልክ በሚፈለጉበት ሰአት ተዳክመው ይገኛሉ።

ፍጥነትን በቁጥር ማሰብ ለሚፈልግ ደሞ 7-1-7 የሚባል ልኬት አለ፣ በ2021 የቀረበ ነው። ወረርሽኙ በተነሳ በ7 ቀን ውስጥ ይታወቅ፣ በታወቀ በ1 ቀን ለሚመለከተው አካል ሪፖርት ይደረግ፣ ከዛ በ7 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹ የመጀመሪያ ምላሽ ስራዎች ይጠናቀቁ ነው ነገሩ። ማንኛውንም መንገድ ስትመዝኑ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያሳጥር ጠይቁ፣ ብዙዎቹ የሚያሳጥሩት መሀለኛውን ብቻ ነው።

ሰው አንብቦ የሚለቀው፦ ፕሮሜድ

በ1994 የተጀመረ ነው። ከየአገሩ ሐኪሙም የእንስሳት ሐኪሙም ያየውን የሰማውን ይልካል፣ በዘርፉ የበሰሉ ሞደሬተሮች (አጣሪዎች) ያነቡታል፣ አስተያየት ጨምረው በኢሜይል ይበትኑታል።

ምን ያህል ተራ ነገር እንደሚመስል ለማየት ፌብሯሪ 10 ቀን 2003 የወጣውን መልእክት እንውሰድ። አንድ ሐኪም የላከው ጥያቄ ነው፣ ቻይና ጓንዡ ውስጥ ስላለ ወረርሽኝ የሰማቹት ነገር አለ ወይ፣ እዛ የሚኖር ሰው በመምህራን ቻት ሩም ላይ ሆስፒታሎች ተዘግተዋል ሰው እየሞተ ነው ብሎ ጽፏል የሚል። በቃ ይሄው ነው፣ ቁጥር የለውም፣ የላብራቶሪ ውጤት የለውም፣ በሰው በሰው የመጣ ወሬ ነው። በማግስቱ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከቻይና ጤና ሚኒስቴር በጓንግዶንግ ክልል 305 ሰው ታሞ 5 እንደሞተ ሪፖርት ደረሰው። ሳርስ የተባለው አዲስ የመተንፈሻ በሽታ ነበር። በሴፕቴምበር 2012 ደሞ ጂዳ ይሰራ የነበረው ዶክተር አሊ ሞሐመድ ዛኪ አዲስ ኮሮናቫይረስ ከታማሚ ማግኘቱን ያሳወቀው በዚሁ በፕሮሜድ ነው፣ በኋላ መርስ የተባለው ማለት ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2019 የዉሃን ጤና ኮሚሽን ለሆስፒታሎች የላከው አስቸኳይ ማስታወቂያ ሶሻል ሚዲያ ላይ ሲዞር አግኝተው በማሽን ተርጉመው "ምንነቱ ያልታወቀ የሳንባ ምች፣ መረጃ ይፈለጋል" ብለው ለቀቁት። ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስታነቡት ከዜናው በላይ ከስር ያለችውን የሞደሬተሩን አስተያየት አትዝለሏት፣ ዋናው ሀብት እሷ ናት። ይሄ ምልክት ከየትኛው በሽታ ጋር ይሄዳል፣ ምን አይነት ምርመራ ይጎድላል፣ ከዚህ በፊት እዛ አካባቢ ምን ተነስቶ ነበር የሚለውን የሚነግራቹ ሰው እዛ ጋ ነው ያለው። "መረጃ ይፈለጋል" የሚል ርዕስ ካየን ደሞ ገና ጥያቄ ነው ማለት ነው፣ እንደ ዜና ሼር አይደረግም።

ድክመቱ ገንዘብ ነው። በ2023 ችግር ውስጥ መሆኑንና የክፍያ ምዝገባ እንደሚጀምር አሳወቀ፣ የተወሰኑ ሞደሬተሮችም ተቃውመው ስራ አቆሙ። ዓለምን ስንቴ ያስጠነቀቀ አገልግሎት እዚህ ደረጃ መድረሱ በጣም ያሳዝናል። ስለዚ ከመተማመናቹ በፊት አሁን የቱ ክፍል በነፃ እንደሚገኝ እዩ። በተመሳሳይ መንገድ የሚሰራ ቢከን የሚባል አገልግሎት በ2025 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተነስቷል፣ ኮምፒውተር ይለቅማል ባለሙያ ያጣራል፣ ክፍት ነው፣ ጎን ለጎን መያዝ አይከፋም።

ማሽን የሚለቅመው፦ ሄልዝማፕ፣ ጂፊን፣ ብሉዶት፣ ኢዮስ

እነዚህ በየቋንቋው የሚወጣ ዜና ቀንና ሌሊት ያነባሉ። ጂፊን የካናዳ መንግስት ነው፣ በ1997 የተጀመረ፣ ሄልዝማፕ በ2006 ከቦስተን የሕጻናት ሆስፒታል የወጣ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ካርታ ነው። ብሉዶት ቶሮንቶ ያለ የግል ድርጅት ነው፣ ከዜናው በተጨማሪ የአውሮፕላን ጉዞ መረጃ ስለሚጠቀም በሽታው ቀጥሎ የት ሊሄድ ይችላል የሚለውንም ይገምታል፣ ግን በክፍያ ለተቋማት ነው። ኢዮስ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው ነው፣ የመንግስት ጤና ተቋማትና መሰል ድርጅቶች ይገቡበታል እንጂ ለግለሰብ አይደለም።

"ማሽኑ ከሰው ቀድሞ አወቀ" የሚለው ማስታወቂያ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ሁሌ የሚጠቀሰው የ2014ቱ የጊኒ ኢቦላ ነው፣ ሄልዝማፕ ማርች 14 ላይ ስለ እንግዳ ትኩሳት የወጣ የአገር ውስጥ ዜና ያዘ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ማርች 23 አስታወቀ፣ ዘጠኝ ቀን ተቀደመ ተባለ። እሺ፣ ግን በኋላ በተደረገው ምርመራ የመጀመሪያው ታማሚ ነው የተባለው ጌኬዱ አካባቢ ሜሊያንዱ በምትባል መንደር በዲሴምበር 2013 የሞተ ሕጻን ነው። ሦስት ወር! ያ ሁሉ ጊዜ ቫይረሱ ከሰው ሰው ሲተላለፍ ምንም የሚለቀም ዜና ስላልነበረ የትኛውም ማሽን ሊያየው አልቻለም። ማሽኑ የሚያነበው ሰው የጻፈውን ነው፣ ጋዜጣ የሌለበት፣ ኢንተርኔት የማይደርስበት፣ ወይም ስለ በሽታ መጻፍ የሚያስፈራበት ቦታ ካርታው ላይ ንጹህ ሆኖ ይታያል፣ ካርታ ላይ ነጭ የሆነ ቦታ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ሌላው ጎግል ፍሉ ትሬንድስ ነው። በ2008 ሰው ጎግል ላይ የሚፈልገውን ቃል አይቶ ኢንፍሉዌንዛን እቆጥራለሁ ብሎ ተነሳ፣ ከ2012 ወደ 2013 በሚያሻግሩት የብርድ ወራት ከትክክለኛው በእጥፍ ገደማ አጋነነ፣ በ2015 ተዘጋ። ሰው ስለ ጉንፋን የሚፈልገው ስለታመመ ብቻ አይደለም፣ ቲቪ ላይ ስላየም ነው። አሁን በኤአይ እንተነብያለን የሚሉ አዳዲስ ምርቶች ሲቀርቡላቹ ከምን መረጃ ነው የምትነሱት፣ ከላብራቶሪ ውጤት ጋር አመሳክራቹታል ወይ ብላቹ ጠይቁ።

ጂፊንን በተመለከተ ካናዳ በ2019 አጋማሽ አካባቢ ለዓለም የሚልከውን አለርት አቆመችው። ኮቪድ ሊነሳ ወራት ሲቀሩት መሆኑ ነው፣ ስድስተኛውን መመዘኛ ለምን እንዳስገባሁት ከዚህ በላይ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ኦፊሴላዊው መንገድ

የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኝ ዜና ገጽ ከ1996 ጀምሮ አለ። ከጀርባው ያለው ሕግ የ2005ቱ ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ነው፣ 196 አባል አገራት አሉት፣ አንድ አገር ዓለምን ሊያሰጋ ይችላል ብሎ የገመገመውን ክስተት በ24 ሰአት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ያላሳወቀ አገር የሚደርስበት ቅጣት አለመኖሩ ነው፣ ያሳወቀ ደሞ ይጎዳል። በኖቬምበር 2021 የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ሳይንቲስቶች ኦሚክሮን የተባለውን አዲስ የኮቪድ ቫይረስ ዝርያ አግኝተው በግልጽ ሲያሳውቁ ያገኙት ምላሽ የበረራ እገዳ ነበር። ይሄ መቼም ልክ አይደለም፣ የሚቀጥለው አገር ዝም እንዲል ማስተማር ነው።

በጃንዋሪ 2025 ታንዛኒያ የሆነውም ለአንባቢ ጥሩ ትምህርት ነው። ጃንዋሪ 14 የዓለም ጤና ድርጅት በካጌራ ክልል የማርበርግ (ኢቦላን የሚመስል ገዳይ በሽታ) ጥርጣሬ አለ አለ፣ የአገሩ ጤና ባለስልጣን ናሙናዎቹ ነጻ ናቸው ብሎ አስተባበለ፣ ጃንዋሪ 20 ደሞ ፕሬዝዳንቷ መረጋገጡን ተናገሩ። ሁለት ኦፊሴላዊ ምንጮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጋጩ ማለት ነው፣ ስለዚ "መንግስት አስተባበለ" ማለት "የለም" ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበል።

ገጹን ስትከፍቱ ቀጥታ ወደ አደጋ ግምገማው ውረዱ፣ በአገር፣ በአህጉርና በዓለም ደረጃ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እያለ ለይቶ ያስቀምጠዋል። አንድ በሽታ በአገሩ "ከፍተኛ" ሆኖ በዓለም ደረጃ "ዝቅተኛ" ሊሆን ይችላል፣ የሚያስደነግጡ ርዕሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሩት የመጀመሪያውን ብቻ በመጥቀስ ነው። ከዚህ ሌላ የአውሮፓው የበሽታ መከላከያ ማዕከል በየሳምንቱ የሚያወጣው የስጋት ሪፖርት አጭርና ንጹህ ነው፣ አውሮፓ ላልሆነ ሰውም ይጠቅማል። አፍሪካ ሲዲሲ (የአፍሪካ ኅብረት የበሽታ መከላከያ ማዕከል) ደሞ ለአህጉሩ ቅርብ ነው፣ በኦገስት 2024 ኤምፖክስን (የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል የነበረውን) አህጉራዊ የጤና ድንገተኛ አደጋ ብሎ ያወጀው ከዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ቀን ቀድሞ ነው።

ዘረመል

ጂሴድ በ2008 ለኢንፍሉዌንዛ የተጀመረ የዘረመል ማጋሪያ ነው፣ ለመግባት ምዝገባ ይፈልጋል፣ ኔክስትስትሬይን ደሞ እንዲህ ያለውን መረጃ ወስዶ ቫይረሱ እንዴት እየተቀየረ የት የት እንደሄደ በዛፍና በካርታ ያሳያል፣ ነጻ ነው ኮዱም ክፍት ነው። ይሄ መንገድ "አዲስ በሽታ አለ ወይ" ለሚለው ጥያቄ አይደለም፣ "ያለው በሽታ እየተቀየረ ነው ወይ፣ ከየት ገባ" ለሚለው ነው። የኦሚክሮን ጊዜ አንዱ የፒሲአር ኪት ከሚፈልጋቸው የጂን ክፍሎች አንዱን ማጣት ጀመረ፣ ያቺ ምልክት ናት ሳይንቲስቶቹ ዘረመሉን ፈጥነው እንዲያነቡ የረዳቻቸው። ዛፉን ስታዩ አንድ ነገር አስታውሱ፣ ብዙ ነጥብ ያለው አገር ብዙ ታማሚ ያለው ሳይሆን ብዙ የመረመረ ነው።

ፍሳሽ ውሃ

ከከተማ ፍሳሽ ናሙና ወስዶ ቫይረስ መፈለግ ነው። እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ይሄን ነው ምክንያቱም ማንም ሐኪም ጋ ሳይሄድ፣ ማንም ሪፖርት ሳያደርግ፣ ታምሜያለሁ ሳይል ቫይረሱ ራሱ ይናገራል። በ2013 እስራኤል ውስጥ አንድም ሕጻን ሽባ ሳይሆን ፖሊዮ በፍሳሽ ተገኘ፣ ክትባትም ተሰጠ። በ2022 ለንደን ላይ እንዲሁ፣ በ2024 ጋዛ ላይም መጀመሪያ የታየው በፍሳሽ ናሙና ነው።

ግን ገደብ አለው፣ ማን እንደታመመ አይነግርም፣ የምትፈልጉትን ቫይረስ አስቀድማቹ ማወቅ አለባቹ፣ የተሰራ የፍሳሽ መስመር ከሌለ ናሙና መውሰዱ ይከብዳል፣ ውጤቱም ከዝናብና ከሕዝብ ቁጥር ጋር ካልተስተካከለ ያሳስታል።

እንስሳት

አዳዲስ ከሚነሱት የሰው በሽታዎች እስከ 75 በመቶ የሚሆኑት ምንጫቸው እንስሳት ነው ይባላል፣ ስለዚ የዓለም እንስሳት ጤና ድርጅት የሚያስተዳድረው ዋሂስ የሚባለውን ዳታቤዝ መርሳት ስህተት ነው። ነጻ ነው። የወፍ ጉንፋን ኤች5ኤን1 በማርች 2024 በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ሲገኝ ከሰው በፊት ላም ላይ ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ታየ።

ያስተዋለ ሐኪምና የመንደር ጤና ሰራተኛ

ይሄ አማራጭ ሶፍትዌር ስለሌለው ንጽጽሮች ውስጥ አይገባም፣ እኔ ግን አስገባዋለሁ። በጁላይ 2014 ሌጎስ አንድ መንገደኛ ታሞ ሲገባ ኢቦላ ነው ብላ የጠረጠረችውና ከሆስፒታል እንዳይወጣ የያዘችው ዶክተር አሜዮ ስቴላ አዳዴቮህ ናት፣ ራሷ በበሽታው ሞተች። ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ ገብቶ በመላው ናይጄሪያ በ20 ታማሚና በ8 ሞት ቆመ። የሷን ያህል የፈጠነ አለርት የለም። የማህበረሰብ ቅኝትም እንደዛው ነው፣ "በአንድ ሳምንት ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በተመሳሳይ ምልክት ሞተ" የሚለውን የምታውቀው እዛው ሰፈር ያለችው ሰራተኛ ናት፣ 7-1-7 ውስጥ የመጀመሪያውን 7 በትክክል የሚያሳጥረው ይሄ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መንገድ | ፍጥነት | ማረጋገጫ | ምን ይሰጣል | ዋጋ | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| ፕሮሜድና ቢከን | በጣም ፈጣን | ባለሙያ ያነበዋል፣ ላብራቶሪ ላይኖር ይችላል | ቀዳሚ ምልክት ከአስተያየት ጋር | ፕሮሜድ ከፊሉ በክፍያ ሊሆን ይችላል፣ ቢከን ነጻ | የገንዘብ አለመረጋጋት |
| ሄልዝማፕ | በጣም ፈጣን | ዝቅተኛ | ካርታና የዜና ሊንክ | ነጻ | ጫጫታ ይበዛዋል፣ ዜና የሌለበትን አያይም |
| ብሉዶት | በጣም ፈጣን | መካከለኛ | አለርትና የመዛመት ግምት | በኮንትራት | ለግለሰብ አይሆንም |
| ኢዮስ | በጣም ፈጣን | ተጠቃሚው ራሱ ያጣራል | የተለቀመ ዜና | ለተፈቀደላቸው ተቋማት | የሰለጠነ ሰው ይፈልጋል |
| የዓለም ጤና ድርጅት፣ የአውሮፓው ማዕከል፣ አፍሪካ ሲዲሲ | ቀናት እስከ ሳምንታት | ከፍተኛ | ቁጥርና የአደጋ ግምገማ | ነጻ | የአገራትን ፈቃደኝነት ይጠብቃል |
| ጂሴድና ኔክስትስትሬይን | ከናሙናው በኋላ ቀናት እስከ ሳምንታት | ከፍተኛ | የቫይረስ ለውጥና ጉዞ | ለማየት ነጻ፣ ለመስራት ውድ | የመረመረ ብቻ ይታያል |
| ፍሳሽ ውሃ | ከታማሚ ሪፖርት ሊቀድም ይችላል | ከፍተኛ፣ ለተፈለገው ቫይረስ | መኖሩንና አዝማሚያውን | ውጤቱን ማየት ነጻ፣ መስራት መካከለኛ | መሰረተ ልማት ይፈልጋል |
| ዋሂስ | እንደ አገሩ ሪፖርት | ከፍተኛ | የእንስሳት ወረርሽኝ | ነጻ | አገራት ያዘገያሉ |
| ሐኪምና ማህበረሰብ | ከሁሉም ፈጣን | ናሙና እስኪሄድ ጥርጣሬ ነው | የመጀመሪያው ታማሚ | ደሞዝና ስልጠና | ሰሚ ካጣ ይጠፋል |

ለማን የቱ?

ለራሱና ለቤተሰቡ ብቻ ለሚከታተል ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ገጽና የአውሮፓው ሳምንታዊ ሪፖርት ይበቁታል፣ ምንም ብር አያወጣም። ካርታዎቹን በየቀኑ መክፈት ጭንቀት ነው የሚጨምረው እንጂ ውሳኔ አይቀይርም።

ጋዜጠኛ ከሆናቹ አንድ ፈጣንና አንድ የተረጋገጠ ጎን ለጎን ያዙ፣ ፕሮሜድ ወይ ቢከን ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር። በፈጣኑ ላይ ያያቹትን ለመጠየቅ ተጠቀሙበት፣ ለመጻፍ የተረጋገጠውን ጠብቁ። በ2024 መጨረሻ ዲሞክራቲክ ኮንጎ ክዋንጎ ክልል ፓንዚ የተነሳውን አስታውሱ፣ ዓለም ሁሉ "በሽታ ኤክስ" (ገና ላልታወቀ በሽታ የሚሰጥ ስም) ብሎ ጮኸ፣ መጀመሪያ ከተመረመሩት 12 ናሙናዎች 10ሩ ወባ ሆነው ተገኙ፣ በመጨረሻ ወባና የመተንፈሻ ኢንፌክሽን በምግብ እጥረት በተጎዱ ሕጻናት ላይ ተደራርቦ ነው ተባለ። "አዲስ ቫይረስ" የሚለው ርዕስ ያንን አላሳየም፣ በሚታወቅና በሚታከም በሽታ ሕጻናት መሞታቸው ግን ራሱን የቻለ ትልቅ ዜና ነበር።

ሰራተኛ ወደተለያየ አገር የምትልኩ ድርጅቶች፣ የምትልኩት ጥቂት ሰው ከሆነ ነጻዎቹን በሳምንት ሁለቴ የሚያነብ አንድ ሰው መድቡ፣ የሚከፈልበት አገልግሎት የሚያዋጣው በብዙ አገር ብዙ ሰው ካላቹና ውሳኔውን በሰአታት ውስጥ መስጠት ካለባቹ ብቻ ነው። ኮንትራት ከመፈረማቹ በፊት ያለፈውን አንድ አመት አለርቶቻቸውን በሙሉ ጠይቁ፣ የተሳኩትን ብቻ አይደለም፣ የውሸት ሆነው የቀሩትንም ጭምር።

ሐኪምና የጤና ተማሪ ፕሮሜድን በሞያው መስመር ያንብብ፣ ዋሂስን አልፎ አልፎ፣ የራሱን አገር የቅኝት ክፍል ስልክ ቁጥር ግን ሁሌ፣ ምክንያቱም እሱ አንባቢ ብቻ አይደለም፣ ምንጭም ነው።

በጀት የሚመድብ የጤና ቢሮ ወይም መንግስት ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ብዬ በጣም እከራከራለሁ። ትንሽ ብር ካለ መጀመሪያ ለማህበረሰብ ቅኝት፣ ለሐኪሞች ነጻ የስልክ መስመርና ናሙና ከገጠር ወደ ላብራቶሪ ለሚያደርስ መኪናና ማቀዝቀዣ ሳጥን ይውል፣ ፓንዚ ላይ ሳምንታት የበላው ርቀቱ፣ የመንገዱ ችግርና በአካባቢው ላብራቶሪ አለመኖሩ ነበር። ኢዮስ ውስጥ መግባት ከተቻለ ይግቡ፣ ግን የሚያነበው ሰው ሳይመደብ አይሁን። ቀጥሎ የፍሳሽ መስመር ባላቸው ትልልቅ ከተሞችና ኤርፖርቶች ላይ የፍሳሽ ናሙና፣ ፖሊዮን ለመከታተል የተዘረጋ የናሙና ስራ ካለ ከዛ ላይ መቀጠል ርካሽ ነው። የዘረመል ማሽን ከዛ በኋላ ይመጣል፣ ሲገዛም ሪኤጀንቱን (ለምርመራው የሚያልቀውን ኬሚካል) በየአመቱ ማን እንደሚከፍል አብሮ ይጻፍ፣ ሪኤጀንት ስላለቀ የቆመ ማሽን ምንም አያነብም። የትንበያ ሶፍትዌር ግዢ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፣ ያውም ከላይ ያሉት ስራ ከጀመሩ።